ለእቴቴ ሚዶ ብልክላት…

ባለፈው ሰሞን ለእቴቴ ሚዶ ላክሁላት። በሜሴጅ። የእንጨቱን ሳይሆን ኢሞጂውን። ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን ስታበጥርበት ታስለቅሰኝ የነበረውን ያንን ጥርሱ የረዘመ ሚዶ ቁርጥ የሚመስል ነገር ስልኬ ላይ ሳይ ሳቄ መጣና፣ "ይሄን ታስታውሺዋለሽ?" ብዬ ሰደድኩላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! ምነው እቴቴ?"

"ታዲያ ሳጥን ምን ብለሽ ላክሽብኝ?"

ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ቤቷ ስሄድ ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም ሳጥን! አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። ኢሞጂ ስንልክ ሥዕል የምንልክ ይመስለናል እንጂ የሚሄደው ቁጥር ነው። የተቀባዩ ስልክ ቁጥሩን ያይና ሆዱ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች የዚያን ቁጥር መርጦ ያወጣል። ሥዕሉ ከሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሚዶው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው)። አይፎን ላይ የደረሰው በ2023 ነው። የእቴቴ ስልክ ደግሞ አፕዴት መቀበል ካቆመ ሰንብቷል።

እቴቴ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ሚዶ ካለ፣ ጀበና አለ?"

ፈለግሁ። እንፋሎት የሚወጣው ስኒ አለ፣ ያውም እጀታ ያለው። አርጀንቲናዎች በመምጠጫ የሚጠጡት ማቴ በ2019 ገብቷል። የሻይ በራድ በ2020 ገብቷል። ጀበና ግን የለም! ከ3,700 በላይ ኢሞጂ ባለበት ዓለም የቡና አገር ጀበና የለውም። ተናደድኩ። ተናድጄም አልቀረሁ፣ ማን እንደሚያጸድቅ ማንበብ ጀመርኩ።

የሚያጸድቀው ዩኒኮድ ኮንሰርቲየም የሚባል፣ ካሊፎርኒያ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ጉግል፣ አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ሜታ አባላቱ ናቸው። ደስ የሚለው ነገር፣ ማመልከቻ ማንም ሰው ማስገባት ይችላል። በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት በሩ ይከፈታል፤ የኢሞጂ ኮሚቴው ይመረምራል፤ የመጨረሻውን ቃል የቴክኒክ ኮሚቴው ይሰጣል። ከጸደቀ ቁጥርና ስም ያገኛል። ከዚያ በኋላ አፕልም ጉግልም ሳምሰንግም በየፊናቸው የየራሳቸውን ሥዕል ይሥላሉ፤ የአንዱ ስልክ ኢሞጂ ከሌላው ትንሽ ለየት የሚለው ለዚህ ነው። ከማመልከቻ እስከ ስልክ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል።

"ማንም" የሚለው ደግሞ የአፍ ወግ አይደለም። በ2016 በርሊን የምትኖር ራዩፍ አልሁመይዲ የተባለች የ15 ዓመት ሳዑዲያዊት ከጓደኞቿ ጋር ስትጻጻፍ እሷን የሚመስል፣ ሂጃብ ያደረገ ኢሞጂ አጣች። አመለከተች። በ2017 ስልኮች ላይ ወጣ። የ15 ዓመት ልጅ ካደረገችው እኔን ማን ይከለክለኛል?

የሚከለክለኝ ዝሆን ሆኖ ተገኘ። አትሳቁ! አመልካች ያቀረበው ነገር በኢንተርኔት ምን ያህል እንደሚፈለግ በጉግል ውጤት ማስረዳት አለበት፤ ለዓመታት ለማወዳደሪያነት የተመረጠው ቃል ደግሞ "ዝሆን" ነው፤ በእንግሊዝኛ። ጋዜጠኝነት ስማር ማስረጃ አምጪ መባልን ለምጃለሁ። ግን የጀበናን ማስረጃ ከየት ላምጣ? በየቤቱ ቀኑን ሙሉ ስሙ ይጠራል፤ ማንም አይጽፈውም። ሰው ጀበና ይጥዳል እንጂ ጉግል አያደርግም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ያሉት ኢሞጂዎች አይበቁም ወይ? በራዱና ስኒው ተደምረው ጀበናን አይተኩም ወይ? ይሄኛውን እንኳን እመልሰዋለሁ። መመሪያው ራሱ ምልክቱ ከዕቃው ያለፈ ትርጉም ካለው ይጠቅማል ይላል። ጀበና "ቡና" ብቻ ነው እንዴ? "ነይ እንጂ፣ ጠፋሽ" ማለት ነው። "ወሬ አለኝ" ማለት ነው። ለቅሶ ቤትም ይጣዳል፣ የታረቁ ጎረቤታሞች መሀልም ይጣዳል። በራድ ይሄን ሁሉ ይላል?

ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገር ግን ከጀበናውም በላይ አስገረመኝ። የዚህ ድርጅት ዋና ሥራ ለካ ኢሞጂ አይደለም፤ የዓለምን ፊደላት ቁጥር መስጠት ነው። ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ ዶኮሞ ለተባለው የስልክ ኩባንያ 176 ትንንሽ ሥዕሎች ያዘጋጀው በ1999 ነበር፤ ኢሞጂ ዩኒኮድ ውስጥ በይፋ የገባው ግን በ2010 ነው። የኛ ፊደልስ? በ1999! ኢሞጂን በ11 ዓመት ቀድመነዋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ፊደላችን እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው ቁጭ ብለው የጻፉና የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከገባም በኋላ ቢሆን ወዲያው አልደረሰንም። ልጅ ሆኜ፣ ቤታችን በነበረው ሞባይል በአማርኛ የተላከ ሜሴጅ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። ቁጥሩ ከጸደቀ ዓመታት አልፈውታል፤ ስልኩ ግን ፊደሉ አልነበረውም። መጽደቅ ሌላ፣ መድረስ ሌላ።

ማመልከቻዬን ጀምሬዋለሁ። እስካሁን አንድ ገጽ ተኩል ሆኗል። በበረካው ሰዓት ለእቴቴ ስነግራት፣ "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለችኝ።

"ከተሳካ፣ ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት! ቡናው አይበርድም?"

ሳቅን። እሷ ግን ስልኳን አንስታ ያንን ሳጥን ደግማ አየችውና፣ "ለነገሩ ለኔ ያው ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣልኝ" አለች። የምመልስላት አጣሁ። ስኒውን አለቅልቄ ስመለስ ማመልከቻው ላይ ሌላ ሥራ ጨመርኩ፦ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለእቴቴ ስልክ መግዛት።