የዋልታው ደመና ከግሸን በላይ

መስከረም 20። ሐይቅ ከተማ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈን የአምባሰልን ተራሮች ስንያያዝ ግን ሾፌሩ መብራት አበራ። ከመስተዋቱ ፊት ከነጭ በቀር የሚታይ የለም። «አብሽሩ» አለን ፍጥነቱን እየቀነሰ፤ የወሎ ልጅ ነው። ነጠላ የተከናነቡ፣ ስንቅ ያዘሉ ምእመናን ከጉሙ ብቅ እያሉ መልሰው ይሰወራሉ። ነገ የግሸን ማርያም ንግሥ ነው።

እኔን ያመጣኝ ንግሡም ነው፣ ደመናውም ነው። ስለ ሰሜንና ስለ ደቡብ ዋልታ ደመናዎች የተጻፈ ሳነብ ከርሜ ነበር። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ወርዶም በረዶ ሳይሆን ውሃ እንደሆነ የሚቆይ ደመና አለ ይላሉ። ዋልታ ድረስ መሄጃ የለኝም። ግሸን ግን አለ፤ ግሸን ደግሞ ደመና አያጣም።

ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ተራራው መስቀለኛ ነው፤ ዛሬ ግን ጉሙ መስቀሉንም ክንዶቹንም ውጧቸዋል። የድሮ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች እዚህ ያስቀመጡት ገደሉን ተማምነው ነው። ጉሙንም የሚሠራው ይኸው ገደል ነው። ከበሽሎ በኩል ካለው ቆላ የሚነሳ እርጥብ አየር ከግድግዳው ሲደርስ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይገፋል። ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በየመቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጥላል። ከዚያ የያዘውን እንፋሎት መሸከም የሚያቅተው ከፍታ ላይ ይደርሳል።

እንፋሎት ግን ብቻውን ወደ ጠብታነት አይለወጥም፤ የሚያርፍበት ይሻል። አቧራ፣ ጭስ፣ ከባሕር የተነሳ የጨው ብናኝ ይሆንለታል። አየሩ ከእነዚህ ፈጽሞ የጸዳ ቢሆን፣ ጠብታ ለመሥራት እርጥበቱ መቶ በመቶ ሞልቶ በብዙ እጥፍ መትረፍ ነበረበት። ለንግሥ ግሸን የወጣ ሰው ይህ እንደማያሰጋ ያውቃል፤ የማገዶው ጭስ፣ የሺህ እግር አቧራ፣ ዕጣኑም ጭምር አለ። ከፊቴ የምትወጣ ልጅ ሹሩባ በጥቃቅን ጠብታ ነጥቷል። የአንዷ ጠብታ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሥራት ሚሊዮን ያህሏ መሰብሰብ አለባት። ለዚህ ነው ጉም ሰውን እያረጠበ የማይዘንበው።

አንዲት እናት ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል። «እማማ፣ ጉሙ አላስቸገረዎትም?» አልኳቸው።

«ጉም ምን ያደርጋል ልጄ? ከገደል ተነስቶ ገደል ይገባል። የሚፈራስ ከላይ ተሠርቶ የሚመጣው ነው። ገብሳችን ገና አላሸተም።» በረዶውን ማለታቸው ነው። በዓል የማይጠብቅ ሰው በረዶ በአገር ላይ ያመጣል ሲባል አድገዋል፤ በዓሉን ለመጠበቅም እስከዚህ ወጥተዋል።

የሴትዮዋ አነጋገር ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይሻላል። ጉሙ የታች ነው፤ በረዶው የላይ ነው። በእኛ አገር ሰማይ የዜሮ ዲግሪ ወሰን ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 እስከ 5000 ሜትር አካባቢ ነው። ግሸን 3000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከቆምንበት ወሰኑ ድረስ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደመና የዋልታው ደመና ዘመድ ነው። እዚያ ሰሜን ጫፍ ላይ መሬት የሚነካው ቅዝቃዜ እኛ ጋ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

ውሃ በዜሮ ዲግሪ በረዶ ይሆናል ብለው ያስተማሩን ለባልዲ ውሃ እውነት ነው። ጥቃቅኗ ንጹህ ጠብታ ግን ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሳትረጋ ልትቆይ ትችላለች። በረዶ ለመሆን የውሃ ሞለኪውሎች ባለ ስድስት ማዕዘን ሥርዓት ይዘው መሰለፍ አለባቸው፤ ሰልፉን የሚያስጀምር ባዕድ ነገር ካላገኙ ይተራመሳሉ እንጂ አይቆሙም። ለዚህ ደግሞ ጭስ ብዙም አይረባም። የበረሃ አቧራና አንዳንድ ከቅጠል ላይ የሚነሱ ባክቴሪያዎች ይሻላሉ። እነዚህም ብርቅ ናቸው፤ በአንድ ሊትር የደመና አየር ውስጥ ጠብታው መቶ ሺህ ቢደርስ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ በረዶ የሚያስጀምረው ብናኝ አንድ ቢገኝ ነው።

ያቺ አንዲቱ ግን ትበቃለች። በረዶ እንፋሎትን ከውሃ የበለጠ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የበረዶ ቅንጣትና የውሃ ጠብታ ጎን ለጎን ሲኖሩ ጠብታዋ እየተነነች ታልቃለች፤ ቅንጣቷ ትተልቃለች። ከአንድ መሶብ ቀርበው አንዱ ብቻ ሲወፍር እንደማለት ነው። ሐሳቡን ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር በ1911 እ.ኤ.አ. አነሳው፤ በእግሩ ሄዶ ያየው ግን ስዊድናዊው ቶር በርገሮን ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ከኦስሎ በላይ ባለ ኮረብታ አርፎ በጫካ መንገድ ይመላለስ ነበር። ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ጉሙ መሬት ድረስ ይወርዳል። ከዜሮ በታች ከአምስት እስከ አሥር ዲግሪ በሆነ ቀን ግን ከዛፎቹ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ዛፎቹ አመዳይ ለብሰው የጉሙን እንፋሎት ስለሚበሉት መንገዱ ይጠራል።

አምባው ላይ ደርሼ በጽዶቹ መካከል ስሄድ ያሰብኩት እሱን ነው። ጉሙ ሣሩን ይነካል፤ ከቅርንጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። የበርገሮን ሞቃት ቀን ይኸው ነው፤ ብርዱን ለማየት የሚቀረኝ ወደ ላይ መሄድ ነበር።

መሄድ አላስፈለገኝም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተገፎ በስተምሥራቅ ደመና ተቆለለ፤ አናቱ እንደ መዳፍ ተዘረጋ። እንደዚያ ጠፍጣፋና ጭራማ የሚሆነው ወደ በረዶ ቅንጣት የተለወጠው ክፍል ነው። ከእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ወደ ማርያም ሳልፍ ነጎድጓዱ ቀረበ፤ ቀጥሎ በረዶው ወረደ። ሽማግሌዎቹ «እግዚኦ!» ሲሉ ልጆቹ ለቅመው ይበሉታል። አንዱን በቢላ ሰነጠቅኩት። መካከሉ ነጭ፣ ቀጥሎ እንደ መስተዋት የጠራ፣ እንደገና ነጭ ነው። ነጩ ሽፋን ጠብታዎቹ እንደነኩት ወዲያው በረዶ ሲሆኑ አየር ያፈኑበት ነው፤ የጠራው ቀስ ብሎ የረጋው ነው። ያልረጋ ቀዝቃዛ ውሃ እላይ ባይኖር ኖሮ ይህ በረዶ የሚያድግበት አያገኝም ነበር።

ዋልታ ላይ ነገሩ ዝግ ይላል። የሰሜኑ ደመና ውሃና በረዶ ቀላቅሎ ቀናት ይቆያል፤ አናቱ ሙቀት ወደ ሰማይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ይገላበጣል፣ አዲስ ጠብታም ይወለዳል። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በበረዶ ተይዛ እየተንሳፈፈች ይህንን ጭምር አጥንታለች። አንታርክቲካን በከበበው ውቅያኖስ ደግሞ አቧራ ስለሚያንስ ደመናው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን በረዶ አብዝተውበት ነበርና ባሕሩ ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ፀሐይ አሳረፉ፤ የውሃ ደመና ከበረዶው የበለጠ ብርሃን ይመልሳልና።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደመና የማዝነብ ሙከራ ሲነገር የቀለደ ብዙ ነው። ቀልዱ አይገባኝም። ሲልቨር አዮዳይድ ከበረዶ ጋር የተቀራረበ ቅርጽ ስላለው የጎደለችውን ያቺን አንድ ብናኝ ይተካል፤ ጨው ደግሞ ለሞቃቱ ደመና ይሠራል። ደመና ከባዶ የሚፈጥር ግን የለም። ደመና በሌለበት ወር ዝናብ ቃል የሚገባ ቢመጣ፣ ያኔ መሳቅ ነው።

ግሸን ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ዳገቱን በጠዋት ጨርሱት። አናቱ የተዘረጋ ደመና ካያችሁ ወደ ጣሪያ ግቡ። ጃንጥላ ስትገዙም ከጨርቁ ይልቅ ሽቦውን እዩ።