ሳውዝ ኦሬንጅ፦ ተዋናዩ ካሜራ ይዞ የተመለሰባት ከተማ

ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለሥራ ወደ ኒውዮርክ የምትሄዱ ከሆነ፣ አንዷን ቀን ለጎረቤት ግዛት ለኒውጀርሲ አስተርፉ። ከማንሃታን ፔን ስቴሽን ባቡር ተሳፍራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጓዛችሁ ሳውዝ ኦሬንጅ ትደርሳላችሁ። በኒውርክ አየር ማረፊያ በኩል ለሚገባ መንገደኛም በመኪና ቅርብ ናት።

ከተማዋ የምታስደንቅ አይደለችም። ዛፍ ያጠላባቸው ጸጥ ያሉ መንገዶች፣ ግቢያቸው ሣር የለበሰ ቤቶች፣ የድሮ ዓይነት የመንገድ መብራቶች አሏት። ተዋናዩ ዛክ ብራፍ ያደገው እዚህ ነው። የተማረበት ኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአጎራባችዋ ሜፕልውድ ይገኛል፤ ድምፃዊት ሎሪን ሂልም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ ናት።

ብራፍን ብዙዎች የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው «ስክራብስ» በተሰኘው የሆስፒታል ሲትኮም ላይ፣ ጀማሪውን ሐኪም ጄዲን ሆኖ ሲያስቅ ነው። እሱ ግን የጻፈው ሌላ ታሪክ ነበረው። ዘጠኝ ዓመት ከቤቱ የራቀ ወጣት ተዋናይ እናቱን ለመቅበር ከሎስ አንጀለስ ይመለሳል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሆነው አባቱ ጋር ግን መነጋገር ይከብደዋል። ለለቅሶ ከባሕር ማዶ መጥቶ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ የሚቀመጥ ዘመድ ያያችሁ ሁሉ ስሜቱን ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሲትኮሙ የዕረፍት ጊዜ ብራፍ ወደ ኒውጀርሲ ተመለሰ። በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶና በመሪ ተዋናይነት ተጫውቶ «ጋርደን ስቴት»ን ሠራ። ሳውዝ ኦሬንጅና ሜፕልውድም ከቀረጻው ቦታዎች መካከል ነበሩ። ፊልሙ በ2004 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ፤ በዓለም ዙሪያ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኢንዲፔንደንት ስፒሪት የምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ሽልማትን ወሰደ። ርዕሱን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ በየመኪናው ታርጋ ላይ ታነቡታላችሁ። የግዛቷ ቅጽል ስም ነው፤ «የአትክልት ግዛት» እንደማለት።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ወደ ጎረቤቷ ዌስት ኦሬንጅ ዝለቁ። የቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1893 «ብላክ ማሪያ» የተባለው የመጀመሪያው የፊልም ስቱዲዮ የተሠራው እዚህ ነበር፤ አምሳያው አሁንም ቆሟል። የፀሐይ ብርሃን እንዲገባ ጣሪያው ይከፈት፣ ቤቱም ፀሐይዋን ተከትሎ ይዞር እንደነበር ስትነግሯቸው ልጆች ይገረማሉ። ከዚያ በሳውዝ ማውንቴን ደን ውስጥ እስከ ሄምሎክ ፏፏቴ በእግር ተጓዙ፤ ምቹ ጫማ ግን አትርሱ። ትንንሾቹ ደግሞ አጠገቡ ባለው ተርትል ባክ መካነ እንስሳት ይደሰታሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ጋርደን ስቴት» የአዋቂ ፊልም ነው። አደንዛዥ ዕፅና ጸያፍ ንግግር ስላለበት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተመልከቱት።

ቤታችሁ ውስጥ ፊልም ሠሪ መሆን የሚመኝ ወጣት ካለ፣ ከዚህች ከተማ የሚወሰድ ነገር አለ። ብራፍ ዝናን ያገኘው ሎስ አንጀለስ ነው፤ የሚነግረንን ታሪክ ያገኘው ግን ትቷት በሄደው ሰፈር። ልጃችሁ ውድ ካሜራ እንድትገዙለት ሲጠይቃችሁ፣ መጀመሪያ በእጁ ባለው ስልክ የገዛ ሰፈሩን እንዲቀርጽ ጠይቁት። የአያቱን ቤት፣ የጎረቤቱን ሱቅ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን መንገድ ይቅረጽ። ከዚያ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩለት።