ሞክሼ ቃላት

በአገራችን ወግ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች «ሞክሼ» ይባባላሉ። ስም አገናኛቸው እንጂ ሥጋና ደም አላዛመዳቸውም። ቃላትም እንደ ሰው ሞክሼ አላቸው።

«ከልብ» የሚለውን እንመልከት። በአማርኛ «ከ» እና «ልብ» ተጋጥመው የተገኘ ነው፤ ከልብ አመሰግናለሁ ስንል ቅንነታችንን እንገልጽበታለን። በግእዝ ግን እነዚሁ ሦስት ፊደላት ውሻ ማለት ናቸው፤ የትግርኛው «ከልቢ» ወንድማቸው ነው። አማርኛው መጨረሻውን ያጠብቃል፤ ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አይለዩም።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ነው። ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል።

እኔ ሕክምና የተማርኩት በሩሲያኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «አንጊና» የቶንሲል ሕመም ነው። በእንግሊዝኛ ይኸው ቃል «አንጃይና» ተብሎ ልብ ደም ሲያጥረው የሚሰማውን የደረት ሕመም ይገልጻል። እነዚህስ እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግንዳቸው «ማነቅ» የሚል የላቲን ቃል ነው። ዝምድናቸው ግን ለበሽተኛው አይበጀውም።

በ1980 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ የአንድ የ18 ዓመት ወጣት ቤተሰቦች በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር ጎድቶት ይሆናል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ዕፅ የወሰደ አድርገው ተረዱት። በጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱ ዘግይቶ ታወቀ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ።

እዚህ አትላንታ፣ እኔ በምኖርበት በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ከሁሉም የሚከፋው ሞክሼ «ጉድ» ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ራጁን እያየ «ጉድ፣ ጉድ» ይላል፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። እናታችን የሚሰሙት ግን የአገራቸውን ጉድ ነው። ሐኪም ራጅ ይዞ «ጉድ!» ካለ ደግሞ መርዶ ነው። ለሰሚው ያስቃል፤ በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ላየ ግን አያስቅም። የፈራ ሰው የሚሰማው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያዛል። የእኛ ሰው ግን ይሉኝታ ይዞት ሸክሙን እዚህ ለተወለደ የልጅ ልጁ ያሸክማል። ልጁ ቃሉን ያውቃል፤ የቃሉን ሞክሼ ግን አያውቅም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወላጆቻችሁን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ «አስተርጓሚ ይቅረብልን» ማለትን አትፈሩ። መብት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ነው።