ልጆቻችንና የጦቢያ ማስታወሻ

ባለፈው ክረምት፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡም ልጆቹን ከቤት ባዋላቸው ጊዜ፥ ለሴት ልጃችን በዓመቱ መጨረሻ ተሰጥቷት ሳትሠራው የቀረች አንዲት የጽሕፈት ልምምድ ከደብተሯ ውስጥ አገኘን። ልምምዷም፥ «ካነበባችሁት ልብ ወለድ አንድ ሰው ምረጡና፥ ያ ሰው ራሱ እንደ ጻፈው አድርጋችሁ የአንድ ቀን ማስታወሻ ጻፉ» የምትል ነበረች። ነገሩ ቀላል ስለ መሰለን፥ ባልና ሚስት ሆነን «እኛ እናስተምርሻለን» አልናት። የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ወንድሟ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እርሱም «ያለ እኔ አይሆንም» ብሎ እርሳሱን ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ።

መጽሐፉን የመረጥነው እኛ ነን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተመው፥ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውና ዛሬ ሁሉ ሰው «ጦቢያ» ብሎ የሚጠራው መጽሐፍ ነው። አማርኛው ለልጆች ከበድ ስለሚል፥ በየማታው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እያነበብን ያልገባቸውን ፈታንላቸው። ታሪኩን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። የጦር አለቃ የነበረው አባት ይማረካል፤ ስሙን ያልገለጸ አንድ ነጋዴ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ይሰጣል፤ ልጁ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ሊፈልግ ሄዶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር እርሱን ፍለጋ ትወጣለች።

ልጃችን በመጀመሪያው ማታ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ አመጣች። ስናነበው ግን «እኔ ጦቢያ ነኝ» ብላ ጀምራ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ተርካዋለች፤ ገና መንገድ ሳትጀምር መጨረሻዋ ምን እንደሚሆን እንኳ ታውቃለች! ስሕተቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር፤ ታሪክ መተረክና ማስታወሻ መጻፍ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን አልነገርናትምና። ታሪክ ተራኪ መጨረሻውን ያውቃል፤ ማስታወሻ ጸሐፊ ግን የሚያውቀው እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ መጽሐፉን፥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከወጣችበት ስፍራ ላይ ዘጋነውና፥ «ከዚህ ወዲያ ያለውን አንቺም አታውቂውም። ዛሬ የት አደርሽ? ምንሽን ዐመመሽ? ማንን ፈራሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«መጽሐፉ አይናገርም እኮ» አለች።

«እንግዲያው ያንቺ ሥራ ከዚያ ይጀምራል» አልናት።

ከዚያ በኋላ ያገኘችው ነገር እኛንም አስደነቀን። አማርኛ «ሄደ» እና «ሄደች»፥ «አንተ» እና «አንቺ» እያለ ወንድና ሴትን ይለያል፤ «ሄድሁ» ግን ለሁሉም አንድ ነው። እንግዲህ ጦቢያ ስለ ራሷ ስትጽፍ ቋንቋው ራሱ ይሸሽጋታል፤ ነገሩ የሚከብዳት ሌላው ሰው ሲጠራት ነው። ልጃችን ይህን በራሷ ደርሳበት እንዲህ ጻፈች፦ «ዛሬ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ‹አንተ ልጅ› አሉኝ። ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞሬ ወንድሜን ፈለግሁት። አባቴ ‹አንቺ› የሚለኝ ሌሊት ብቻ ነው።» ወንድሟ፥ «ይህንማ ካገኙባት አለቀላት!» ቢላት፥ «ደብተሩን ከጉያዬ አላወጣውም» አለችው።

አብረውን የሚኖሩት አያታቸው ግን በነገሩ ደስ አላላቸውም። «ያልሆኑትን ነኝ ብሎ መጻፍ ሐሰት አይደለምን? ልጆቹን ምን እያስለመዳችኋቸው ነው?» አሉን። እኛ መልስ ስንፈልግ ልጅቱ ቀደመችንና፥ «እማማ፥ እርስዎስ ተረት ሲነግሩን በወፍራም ድምፅ ‹እኔ አያ ጅቦ› ይሉ የለም?» አለቻቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሣቁ። በእኛም አስተያየት ሐሰተኛ ሰው ሰሚውን ሊያታልል ይሻል፤ ልጅቱ ግን ከገጹ ራስ ላይ «የጦቢያ ማስታወሻ» ብላ ጽፋለች።

ታናሹ የመረጠው ዋሕድን ነበር። ለብዙ ቀን ያሳየን ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ቢተኛ፥ ፈቃዱን ሳንጠይቅ አነበብነው። «ዛሬም አልመጡም። ጦቢያ አጠገባቸው ስላለች፥ አንድ ልጅ ይበቃናል ብለው ይሆናል። እኔ ግን መንገዱን እያየሁ ነው» ይላል።

ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። ከአራት ዓመት በፊት ልጃችን በጠና ታማ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስንወስዳት፥ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረውን ወንድሟን እዚሁ ደሴ ከአክስቱ ዘንድ ትተነው ሰባት ወር ቈይተናል። «ሕፃን ነው፤ ይረሳዋል» ብለን ነበር።

እዚህ ላይ ያጠፋነውን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። መታገሥ አቅቶን በነጋታው፥ «ይህ ዋሕድ አንተ ነህ ወይ?» ብለን ጠየቅነው። አንገቱን ደፋና፥ «አይደለም፤ ዋሕድ ነው» ብሎ ገጹን ቀደደው፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት ያህል እርሳስ አልነካም። ጦቢያ የወንድ ልብሷን ለብሳ እንደ ሄደች፥ እርሱም የዋሕድን ስም ለብሶ ሊነግረን የጀመረውን እኛ ገፈፍነው። እኅቱ እንኳ ከእኛ የተሻለ ገብቷት ኖሮ፥ «ዋሕድን ነበር እንጂ መጠየቅ፥ እርሱን ለምን ትጠይቁታላችሁ?» አለችን።

ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሰማን እንጂ አልመለሰልንም። በመጨረሻም እኛም ደብተር ገዛንና የዋሕድን አባት ሆነን ጻፍን። «ዛሬ ሦስት መንደር ጠየቅን። እግሬ ቈስሏል። ጦቢያ ከጎኔ ናት፤ ነገር ግን ያንተን ቦታ አትሞላውም፤ የእርሷንም አንተ አትሞላውም። ልጄ ሆይ፥ አይዞህ፤ በቅርቡ እናገኝሃለን።» ገጹን ገልጠን ጠረጴዛው ላይ ተውነውና ተኛን።

ጠዋት ስንነሣ ከጽሑፋችን ላይ ጥቂት ቃል በእርሳስ ተሰርዞ አገኘን። የሰረዘው «በቅርቡ እናገኝሃለን» የሚለውን ብቻ ነው። ከጎኑም፥ «ይህን አባትየው ገና አያውቅም» ብሎ ጽፎበታል።

እኛም፥ «እንደማገኝህ አላውቅም፤ ነገ ግን አራተኛውን መንደር እጠይቃለሁ» ብለን አስተካከልነውና በስፍራው መለስነው። በዚያው ማታ የዋሕድ ደብተር ከአባቱ ደብተር አጠገብ ተገልጦ ተቀምጦ ነበር።