ሦስተኛዋ ካንዴላ

ካንዴላ የጣሊያንኛ ቃል እንደሆነ፣ ትርጉሙም ሻማ እንደሆነ የነገሩኝ መካኒካችን ጋሼ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ቮልሱን ይዞ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ሲሄድ እኔም እከተለው ነበር። «ሞተሩ ውስጥ ሻማ ካለ ማን ነው የሚለኩሰው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሼ በቃል አልመለሱልኝም። አንዷን ካንዴላ ፈትተው ገመዷን መልሰው ሰኩባት፤ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዘው ብረቷን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩና አባቴን «እስቲ ያስነሱት!» አሉት። ጫፏ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ቋ ቋ እያለ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ ይረዝምብኝ ጀመር።

ሥራው የሚጀምረው በሻይ ነበር። ሞተሩ ሳይበርድ ካንዴላ አይነካም። ካንዴላዋ የምትገባበት ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ በትኩሱ ከታገሉት ጥርሱ ይበላል። ሻዩ ሲያልቅ ጋሼ በጎማ መንፊያ ዙሪያውን አቧራውን ያራግፋሉ፤ አለዚያ ካንዴላው ሲወጣ አሸዋው ቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። የወጣችውንም ቶሎ አይጠርጓትም። ወደ ፀሐይ አዙረው ያዩዋታል፣ ለእኔም ያሳዩኛል። ምጣድ ላይ ገና መቅላት የጀመረ ቡና ከመሰለች ሞተሩ ጤና ነው። ነጣ ካለች ግለት በዝቶባታል፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን። የእኛዋ ሁልጊዜ ጠቆር ትል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

እኔ ወደዚያ ጋራዥ መሄድ ከመጀመሬ በፊት አባቴ ሌላ ቦታ ካንዴላ አስቀይሮ ነበር። የቀየረው ልጅ ጠማማ ገብታ እንደሆነ ሳያይ በቁልፍ አስገደዳት። ካንዴላዋ ብረት ናት፣ ቴስታታው ለስላሳ፤ ተሸናፊው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ ቴስታታ ለማውጣት ሞተሩ ራሱ መውረድ አለበት። አባቴ ብዙ ቀን በእግሩ ሄደ። ጋሼ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይወርድ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ በቁልፍ ካንዴላ የሚጀምር ሰው ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

እሳቸው የሚጀምሩት በቤንዚን ጎማ ቁራጭ ነበር። የካንዴላዋን ነጭ ጭራ ጎማው ውስጥ ይሰኩና በሁለት ጣት ያዞሯታል። ጠማማ ከሆነች ጎማው ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም።

በቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ። ሦስተኛዋ በስተግራ የፊተኛዋ ናት፤ ከቆርቆሮው ሥር ተደብቃ ዓይን አያገኛትም። የጋሼ እጅ ወፍራም ነበር፣ የእኔ ቀጭን። አንድ ቅዳሜ ክፍተቷን 0.7 ሚሊ ሜትር አድርገው ጎማውን ከነካንዴላዋ ሰጡኝ።

«መጀመሪያ ወደ ግራ መልሻት፣ የእኔ ልጅ። ቀስ በይ። ቀጭ ስትል ትነግርሻለች።»

ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ግራ መለስኳት። እውነትም አንዲት ትንሽ ነገር ጣቴ ሥር ወረደች፤ ጥርስ ጥርሱን አገኘ። ወደ ቀኝ ሳዞራት ያለ ምንም ትግል ገባች። ሮንዴላዋ ስትነካ ጎማውን ነቅዬ ቁልፉን አስገባሁ፤ አዲስ ስለነበረች ግማሽ ዙር ብቻ። ገመዷን ስሰካ በዙሪያዋ ያለውን ላስቲክ ቆርቆሮው ላይ በደንብ እንድጫነው አስታወሱኝ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ በዚያ ቀዳዳ እንዳይወጣ ነው።

አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ተነሣ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ግራ አስጠጉ። ያልጠበቀች ካንዴላ ፍስ ፍስ ትላለች። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬያቸው አዳመጥኩ።

«አትተነፍስም» አሉና ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ።