በሃያ ሰዓት ቀድሞ የታየው ድንጋይ

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ በአንዲት ማታ፥ ዐሥር ዓመት የሞላት ልጄ ከመኝታዋ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ታላቅ ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ ምድርን ይመታ ዘንድ ቀን ተቈርጦለታል ሲባል ከጓደኞቿ ሰምታ ኖሮ እንቅልፍ አጥታለች። እኔም የተማሪዎቼን ደብተር አርም ስለ ነበር፥ ቀና ሳልል፥ «የክርስቲያን ልጅ አይፈራም፤ አባታችን ሆይ ደግመሽ ተኚ» አልኋት። ሄደች፤ ነገር ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ስታለቅስ ሰማኋት። ጸሎትን ያህል ነገር ለልጅ አፍ መዝጊያ አድርጌው ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን መረመርሁ። ድንጋዩ የተገኘው በታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በ2025 ዓ.ም. ምድርን የመምታቱ ዕድል ከመቶ 3 እጅ ደርሶ ነበር፤ ምልከታው በበዛ ጊዜ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምንም የማይቈጠር ሆነ። ወደ ሰፈራችን ወሬው ሲደርስ ማስተባበያው አልተከተለውም። ማታ ይህን ብነግራት፥ «ሌላ ቢመጣስ ማን ያየዋል?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ደብተሬን ዘግቼ የሚከተለውን አጫወትኋት።

በመስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ እኛ ወርኀ ጽጌን በምንቀበልባት ዕለት፥ በአሜሪካ አገር በአሪዞና፥ በሌሞን ተራራ ላይ፥ ሪቻርድ ኮዋልስኪ የተባለ ሰው ሰማይን ሲጠብቅ ያድር ነበር። አንዱን የሰማይ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ልዩነት አራት ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ከዋክብት በየስፍራቸው ሲገኙ፥ ከሥዕል ወደ ሥዕል የምትራመድ ነጥብ ብትኖር እርሷ ኮከብ አይደለችም። በእኛ ሰዓት ከጧቱ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ላይ እንዲህ ያለች ነጥብ ታየች። ወርዷ 4 ሜትር ያህል፥ ከአንድ ክፍል ቤት የማትበልጥ ናት። ትንሽ ድንጋይ የምትመልሰው የፀሐይ ብርሃን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ወደ ምድር ካልቀረበች አትታይም። የሂሳብ ሊቃውንትም መንገዷን ቀምረው፥ ጎሕ ሲቀድ በጎረቤታችን በሱዳን፥ በኑብያ ምድረ በዳ ላይ እንደምትወድቅ አስታወቁ። ሰው እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሳይወድቅ ሲያውቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ደረሰች፤ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታም ተሰባበረች። ዕለቱ የመድኃኔ ዓለም ስለ ነበር እኔ በዚያች ሰዓት ለኪዳን ቆሜ ነበር፤ አንዳች አላየሁም፥ አልሰማሁምም።

በኅዳር ወር የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህር ሙዓውያ ሻዳድና ፒተር ጄኒስኬንስ የተባለው ተመራማሪ፥ ተማሪዎችን በረድፍ አሰልፈው አሸዋውን እየተራመዱ ጥቁር ስባሪ አስለቀሙ። (በጠመኔ ብቻ ለማስተምር ለእኔ ይህ የሚያስቀና ትምህርት ነው።) 80 ቶን ከሚያህለው ድንጋይ በየጊዜው ተለቅሞ የተገኘው ከ10 ኪሎ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ስሙንም በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ «አልማሃታ ሲታ» አሉት፤ ጣቢያ ስድስት ማለት ነው።

«ሁልጊዜ ያዩታል?» አለች ልጄ።

አዎን ብላት ወዲያው በተኛች ነበር። ነገር ግን አይደለም። በየካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ በቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር የሚያህል ድንጋይ ሲፈነዳ አስቀድሞ ያየው አልነበረም፤ የመጣው በፀሐይ በኩል ነውና። ብርሃኑ ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪደርስ ከደቂቃ በላይ ዘገየ፤ ሕዝቡም ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት በቀረበ ጊዜ መስተዋቱ ተሰብሮ ብዙዎችን አቈሰለ። ሁሉንም ነገርኋት፤ እንዲህ ያለ ብርሃን ብታይ ከመስኮት እንድትርቅ አስጠነቀቅኋት።

«ዛሬ ማታስ ማን ይጠብቃል?»

«በደቡብ አፍሪካ መነጽር አለ፤ እዚያም እንደ እኛ መሽቷል።»

«ደመና ቢሆንስ?»

«በቺሌና በሃዋይ ደግሞ ሌሎች አሉ።»

ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «አሁን አባታችን ሆይ እንድገም» አለችኝ። አብረን ደገምን፤ እርሷም ተኛች። ደብተሮቹ ሳይታረሙ አደሩ።