ድልድዩን ማን ይዞት ነበር?

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለእኛ ለአራታችን የደረሰን ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ርእሱም ስለ ኃይልና ስለ ግፊት። መርጃ መሣሪያ ፍለጋ የማእከሉን ዕቃ ቤት ስናገላብጥ አንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ አገኘን። በላዩ የአውስትራሊያው የሲድኒ ወደብ ድልድይ ፎቶግራፍ አለበት፤ እንደ ቀስት የጎበጠ ብረት፣ ከሥሩ መርከብ፣ በወዲህና በወዲያ ማዶ ሁለት ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ማማ። ባሕር በዐይናችን አይተን የማናውቅ ሰዎች ነንና ወዲያው ወደድነው።

ትምህርቱ ጥሩ እየሄደ መስሎን ነበር። ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 503 ሜትር እንደሆነ፣ አናቱ ከባሕሩ በላይ 134 ሜትር እንደሚደርስ፣ በ1932 እንደተመረቀ አስረዳን (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤

«ጋሼ፣ መሐሉ ሳይገጥም በፊት ማን ይዞት ነበር?»

«አራቱ ማማዎች ናቸዋ!» አልናት፣ በሙሉ ልብ። ስልሳ ልጅ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት መምህራችንም አንድ ነገር ጻፉ።

ስንወጣ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማን ነገራችሁ?» ማንም አልነገረንም። ፎቶውን አይተን ዐይናችን የነገረንን ነው ያስተማርነው።

ያን ዕለት ማታ ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። ነገሩ ሌላ ኖሯል። ሥራው የተጀመረው በ1923 ነው። ወደቡ ጥልቅ ነው፣ መርከብም ይመላለስበታል፤ ስለዚህ ከሥር ምሰሶ አቁሞ መሥራት አይሆንም። ታዲያ ቅስቱን ከሁለቱም ማዶ በየግማሹ ወደ መሐል እያስረዘሙ ነው የሠሩት። እያንዳንዱ ግማሽ ወደ ውሃው እንዳይዘም በ128 የብረት ገመድ ወደ ኋላ ተይዟል፤ ገመዶቹም በዐለት ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ዞረው ይመለሳሉ። ክሬኑ ራሱ በቅስቱ ጀርባ ላይ እየዳኸ ከፊቱ ያለውን ብረት ይሰካል። ከዚያ ገመዶቹን ቀስ በቀስ አላሉላቸው፤ ኦገስት 19 ቀን 1930 ሌሊት ሁለቱ ግማሾች ተገናኙ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሌላውን እየገፋ ይቆማል፤ ክብደቱም ወደ ዳር ወርዶ በአራት ታላላቅ መጋጠሚያዎች በኩል መሠረቱን ይገፋል።

ማማዎቹማ ጌጥ ናቸው! ቁመታቸው 89 ሜትር ነው፣ ግራናይት ለብሰዋል፣ ግን ቅስቱን አይሸከሙም። የቆሙት ለውበትና የሰው ዐይን አይቶ እንዲረጋጋ ነው። የኛን ዐይን በሚገባ አረጋግተውታል።

ሌላም አሳፋሪ ነገር አገኘን። ስድስት ሚሊዮን ያህል ሪቬት እንደገባበት ለልጆቹ በኩራት ነግረናቸዋል፤ ሪቬቱ እሳት ሆኖ ሲወረወር ሠራተኛው በባልዲ ይቀልበው እንደነበር ግን አልነገርናቸውም። በሥራው ላይ አሥራ ስድስት ሰዎች መሞታቸውንም አልነገርናቸውም።

አሁን ክርክር ተነሣ። አንዱ «ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል» አለ። ሌላዋ «ዛሬ ተሳስቻለሁ ያለ መምህር ነገ ማን ይሰማዋል?» አለች። መብራት ጠፍቶም አልተግባባንም። መጨረሻ ላይ ዝምተኛው ጓደኛችን ተናገረ። አራተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው ብለውት ነበር፤ ስሙም ይመሰክራልና አመነ። ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ ይህንኑ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ክፍሉ ሁሉ ሳቀበት። «የሳቁት ልጆች አይደሉም የሚቆጩኝ» አለ። ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም።

በማግሥቱ የክፍሉን አስተማሪ ለምነን ሃያ ደቂቃ አገኘን። «ትናንት ማማዎቹ ያዙት ያልናችሁ ስሕተት ነው፤ ሰርዙት» አልን። ጉሮሯችን ደርቆ ነበር። አንድ ልጅ ሳቀ፤ የቀሩት ሰረዙ።

ከዚያ ሁለት ረጃጅም ልጆች ፊት ለፊት አቁመን ወገባቸውን በገመድ አሰርን፤ ከኋላቸው ሦስት ሦስት ልጅ ገመዱን ያዘ። ልጆቹ ወደ ፊት ዘመሙ፤ ገመዱ ቀስ እያለ ሲላላ መዳፍና መዳፍ ገጠመ፤ ገመዱ ተለቀቀ። ቆሙ! ግን ሲሚንቶው ያንሸራትታልና የአንዱ እግር ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ሁለት ልጆች ሮጠው ጫማቸውን ከተረከዙ ኋላ ደገኑ፤ ዐለቱ እነሱ መሆናቸው ነው። ከጎናቸው ማማ ተብለው የቆሙትን ወንበሮች ያችው ጠያቂያችን እየጎተተች ወሰደቻቸው። ልጆቹ እንደተደገፉ ቀሩ። ደወል ተደውሎ እንኳ «ገና ነን» ብለው መዳፋቸውን አላላቀቁም።

የቀን መቁጠሪያው ወደ ማእከሉ ተመልሷል። የሚዋስ ቡድን ካለ፣ ማማዎቹ ላይ በእርሳስ «ጌጥ» ብለን የጻፍነውን እባካችሁ አታጥፉት።